አይችለንም

የኢስቶኒያ ባሕር ሲረጋ፣ በጥር መባቻ፣
ከወደቡ እስከ ደሴቷ ዳርቻ
መንገድ እንቀይሳለን፣ በበረዶው ላይ፤
የጥድ ቅርንጫፍ እየተከልን፣ በጭጋግም እንዲታይ።

ሪሆ ይነዳል፣ ታኔል እያፏጨ ይጠርጋል፣
ማሪካ ትጽፋለች፣ እኔ አለቃ ነኝ ይባላል።
አምስተኛው ካልዮ ነው። እሱ ደግሞ
“አይችለንም” ይላል፣ ጫማውን ሳያስር፣ ገና ከበሩ ቆሞ።

ሃያ ሴንቲ ሲሆን፣ “ከሥሩኮ ውሃ ነው።”
ሠላሳ ሲሆን፣ “ይኼ የላይ የላዩ ነው።”
አርባ የሞላ ዕለት፣ እኛ “ሆ!” ስንል፣
“ወፍራሙን ፍሩት፤ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚከፈል”
አለና ጥቁር ዳቦውን ቆረሰ።
ማሪካ ተናዳ እርሳሷን ወረወረችበት፤
አንሥቶ አየና፣ “ይኼም ሊሰበር ነው” አላት።

ብዙ ሞከርኩ።
ቀልዴን እንደ ቀብር ዜና አዳመጠው፤
ምክሬን ተቀብሎ፣ ሥጋት ቀብቶ መለሰው።
ወንድም ሰምጦበት ይሆን ብዬ ጠየቅሁ ከሽማግሌዎቹ፤
ማንም አልሰመጠበትም። በሕይወት አሉ ሁሉም ወንድሞቹ።
ሲፈጠር እንዲህ ነው። በቃ።

አንድ ማለዳ ወደ ጥግ ወሰድኩትና
“ሰው አታስፈራራ” አልኩት፣ “ታኔል ልጅ ነው ገና።
አፍህን ይዘህ ሥራ፣ አለዚያ ቅር።”
የጓንቱን ቀዳዳ በጣቱ እየነካካ ዝም አለ።
“ልጅ ስለሆነ እኮ ነው” አለኝ በመጨረሻ።
ሌላ አላለም።

በማግስቱ መሰርሰሪያውን ሰጠሁት።
“ከዛሬ ጀምሮ የምትበሳው አንተ ነህ” አልኩት።
“የት?”
“ባላመንክበት።”
“ያማ ሁሉም ቦታ ነው።”
“እንግዲያው ሁሉም ቦታ፤
ማን ከለከለህ፣ በርታ!”

እኛ አሥር የምንበሳበትን እሱ አርባ በሳ።
አራት ቀን ዘገየን። ከደሴቷ ጩኸት ተነሣ፦
ድርቆሽ የጫነ መኪና ቆሟል፤ የአንዷ ሙሽራ ቀሚስ ማዶ ቀርቷል፤
የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ስሜን እየጠራ ይሳደባል።
ካልዮ ግን ተንበርክኮ፣ ጢሙ ላይ ውርጭ እያበበ፣
ዘንጉን አወረደ፣ አወጣ፣ ቁጥሩን እንደ መርዶ አነበበ።
“ሠላሳ አንድ።” “ሠላሳ ሦስት።” አርባውም ደኅና ወጣ።
ይቅርታ ይጠይቅ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ከየት አባቱ ይምጣ!
“አርባ አንደኛው ነው የሚያሠጋኝ” አለኝ፣ መሰርሰሪያውን እየጠረገ፤
እንደ ሕፃንም ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር አደረገ።

የካቲት ሲያልቅ አንድ ቀን ቀረ፤ ጥርሱን አሞት።
እኛም ወጣን፣ በጨዋታ፣ ያለ ሙግት።
ታኔል አፏጨ፣ ሪሆ ሞተሩን አስጓራ፤
ፀሐይም ነበረች፣ ዓይን እስኪወጋ የምታበራ።
እኩሌታው ላይ ስንደርስ ፉጨቱ ከሰመ፤
ሪሆም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ጆሮውን አቆመ።
ከማለዳ ጀምሮ አንድ ቃል ጎድሎብናል፤
ማንም ያላለው ነገር ከጫማችን ሥር ያቃስታል።

“አይችለንም” አልኩ። እኔው፣ አለቃው። በሹክሹክታ።
የሦስቱም ትከሻ ወረደ፣ ቀበቶ የተፈታ ያህል፣ በእፎይታ።
ስንት ክረምት ሙሉ “ካልዮን ቻልነው” ስንል፣
ለካስ እሱ ኖሯል የአምስታችንን ፍርሃት ለብቻው የሚችል።

ወርደን በሳን። ሠላሳ ስምንት።
አለፍን።

ማታ ደወልኩለት፤ ቁጥሩን ነገርኩት።
“ነገ ይሞቃል” አለኝ።
“ጥርስህስ? ተወህ ወይስ አለ ሕመም?”
“ነቀሉት” አለ። ጥቂት ተነፈሰ።
“ደኅናውን ነቅለው ይሆናል፤ አይቀርም።”